የግራ እግሬ ጉዳይ

ኪቦርድ ተጫዋች ሁለት እጅ ብቻ ይዞ በመፈጠሩ የሚያዝነው ቅዳሜ ማታ ነው። ቀኝ እጄ ዜማውን ይዟል፤ ግራ እጄ ቤዙን ይመታል፤ ዘፋኙ ደግሞ ዞር ብሎ «ክራሯን ጨምርባት!» ይለኛል። በየትኛው እጄ? ከበሮው የሚወጣው ከማሽን ነው፤ ጊታር የለም፤ ቤዝ ጊታሪስትም የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምሠራበት ቤት የሚከፍለው ለአንድ ሰው ነው፤ መድረኩም ከዚያ በላይ አይችልም። ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። ቀኝ እግሬ ሰስቴይን ፔዳሉ ላይ ሆኖ ይሠራል። ግራ እግሬ ተቀምጦ ይበላል።

ነገሩ የጀመረኝ እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ በየሙዚቃ ዕቃ መደብሩና በየአሮጌ ዕቃ ሻጩ በር ስመላለስ ከረምኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «እጅህ ያላበላንን እግርህ ሊያበላን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለማያውቀው ላስረዳ። በእግር የሚረገጥ የቤዝ ኪቦርድ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የራሱ ድምፅ ያለው ሲንተሳይዘር ነው፤ ኬብሉን ስፒከር ላይ ሰክተው ሲረግጡት ያጓራል። ሁለተኛው ሚዲ ፔዳል ነው። እሱ ድዳ ነው፤ ቢረግጡት ከፕላስቲክ ኮሽታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ሥራው መልእክት ማድረስ ነው፦ «ዶ ተረገጠች፣ በዚህን ያህል ጉልበት»፤ ቀጥሎ ደግሞ «ዶ ተለቀቀች»። መልእክቱን ተቀብሎ ድምፅ የሚያወጣው ሌላ ዕቃ ነው፤ ኪቦርዱ፣ ሳውንድ ሞጁሉ ወይም ላፕቶፑ።

የባለ ድምፁ ወገን አባወራ ሙግ ታውረስ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሲሆን ዐሥራ ሦስት ፔዳል አለው፤ ከዶ እስከ ዶ። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ውስጡ ሁለት ኦሲሌተሮች አሉ። ሁለቱን ልክ እኩል ከመቃኘት ይልቅ አንዱን በጥቂቱ ፈቀቅ ሲያደርጉት ድምፆቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ይርገበገባሉ፤ የታውረስ ዝናም ያለው እዚያ መርገብገብ ላይ ነው። በገና የሚያውቅ ሰው ምሥጢሩ ቶሎ ይገባዋል። የበገናን አውታር ያለ እንዝራ ቢመቱት ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ ያንን እንደ ንብ የሚጮህ ድምፅ የምትሰጠው እንዝራዋ፣ ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። ጆሯችን በጣም ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው ሲያገኘው ይደክማል፤ ከላዩ የተደረቡትን ቀጫጭን ንዝረቶች ተከትሎ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ይህን አባቶቻችን በቆዳ፣ ሙግ በኤሌክትሪክ አገኙት።

ታውረስን ስመ ጥር ያደረጉት ሰው ያነሳቸው ባንዶች ናቸው። የካናዳው ራሽ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ጌዲ ሊ ይዘፍናል፣ ቤዝ ጊታር ይመታል፣ ኪቦርድ ይነካል፣ በእግሩ ደግሞ ታውረስ ይረግጣል። የጄኔሲሱ ማይክ ራዘርፎርድም ባለ 12 ክር ጊታሩን ሲይዝ ቤዙን የሚሸከምለት እግሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ሩጫ እንዳልሮጡ ግን ልብ ይሏል። ረግጠው ይቆማሉ። አንዱን ድምፅ ይይዙና ሙዚቃው በላዩ እንዲያልፍ ይተዉታል።

እኔም አንዱን አሮጌ ታውረስ ረግጫለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሊሸጠው ፈልጎ ጋራዡ ወስዶ አሳየኝ። ወሩ ጥር ነበር፤ ጋራዡ ይቀዘቅዛል፤ መሣሪያው እስኪሞቅ ድረስ ቅኝቱ ይዋልላል። ሲሞቅ ጫማዬን አውልቄ የታችኛዋን ዶ ረገጥኩ። የጋራዡ በር ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ፈገግ አለ። እኔ እግሬን ማንሳት አቃተኝ፤ በቀኝ እጄ የትዝታን ዜማ በአየር ላይ እየነካሁ ዝም ብዬ ረግጬ ቆምኩ። ከዚያ ዋጋውን ነገረኝ። ጥሩ አዲስ ኪቦርድ የሚገዛ ገንዘብ ነው። ካልሲዬን አራግፌ ጫማዬን አደረግኩ።

ወደ ቤት ስነዳ ግን ያሰብኩት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከሁለት ፔዳል በላይ አልነካሁም። ለትዝታ ይህ ይበቃል። ችክችካ ሲመጣስ? ያንን በስድስት የሚቆጠር ምት ቤዙ እየዘለለ መከተል አለበት፤ አንድ እግር ደግሞ፣ ያውም የግራ፣ ከዶ ወደ ላ ለመድረስ ተረከዝ መንቀል ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋቾች ሠላሳና ሠላሳ ሁለት ፔዳል ላይ በሁለት እግራቸው ይራወጣሉ፤ ግን ተቀምጠው ነው፣ ለዚሁ የተሠራ ጫማ አድርገው ነው፣ ዓመታት ተምረው ነው። እኔ ሰርግ ላይ የምጫወተው ቆሜ ነው። ቀኝ እግሬ ሰስቴይን ላይ ግራዬ ቤዝ ላይ ከሆኑ ምን ላይ ልቆም ነው? ሞክሬዋለሁ፤ ሽመላ ነው የምመስለው። ስለዚህ የትኛውንም ዓይነት ፔዳል ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ወጪ ከፍ ያለ በርጩማ ነው።

ከጃዝ ኦርጋኒስቶች የተማርኩት ዘዴ ደግሞ አለ። ሐሞንድ ቢ3 ሃያ አምስት ፔዳል አለው፤ ጂሚ ስሚዝ ግን አብዛኛውን ቤዝ በግራ እጁ እየተጫወተ እግሩን የሚያሳርፈው ለድምፁ ጉልበት ለመስጠት ነበር። እግሩ ዋናውን ዜማ አይሸከምም፤ ያጠናክራል እንጂ። እኔም ለችክችካ እንዲሁ ማድረግ ጀመርኩ፤ ግራ እጄ ይዘላል፣ እግሬ የመጀመሪያዋን ምት ብቻ ይደቃል። ቤዝ ፔዳል ግራ እጅን ነፃ ያወጣል የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ።

በመጨረሻ የገዛሁት ድዳውን ነው፤ ያገለገለ ሮላንድ ፒኬ-5፣ ዐሥራ ሦስት ፔዳል፣ የአረጋገጥ ጉልበትን የሚለይ። ለምን ቢሉኝ የመጀመሪያው ምክንያቴ ዘፋኞች ናቸው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት በዶ ሲሆን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አንድም አጭር ፔዳል የለበትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እረግጠዋለሁ። ባቲ ሜጀርም ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ብሎ በረጃጅሞቹ ያልፋል። አንቺሆዬ ሁለት አጫጭር ይፈልጋል፤ እሱም ይለመዳል። ግን የትኛው ዘፋኝ ነው በዶ የሚዘፍን? አንዷ ሚ ፍላት ትላለች፣ ሌላው ጉንፋን ይዞት ግማሽ ድምፅ ያስወርዳል። ሚዲ ከሆነ ተቀባዩ ዕቃ ላይ ትራንስፖዝ ተደርጎ እግሬ ዘወትር በዶ ይኖራል። ለእጅ ይህ ስንፍና ነው፤ መምህራኖቼ ቢሰሙኝ ያፍራሉ። ለእግር ግን አላፍርም።

ቅኝታችን አምስት ድምፅ መሆኑ ሌላም በር ይከፍታል። ሚዲ ፉት ኮንትሮለር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የኪቦርድ መልክ የለውም፤ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቤሪንገር ኤፍሲቢ1010 ለምሳሌ ዐሥር መርገጫና ሁለት የሚወዛወዙ ፔዳሎች ያሉት ነው፤ በተለይ ጊታሪስቶች የድምፅ ለውጥ የሚያዙበት። የማውቀው አንድ ወጣት ቤዝ መስሎት ገዝቶት መጣና አብረን ሳቅንበት። ልጁ ግን እልኸኛ ነው። መርገጫዎቹ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው። ሁለት ሌሊት መመሪያውን ሲያነብ አድሮ በታችኛው ረድፍ አምስቱን የትዝታ ድምፆች፣ በላይኛው ያንኑ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ አስቀመጠ። ለፈረንጅ ዐሥር መርገጫ ጎዶሎ ኪቦርድ ነው፤ ለእኛ ልክ ሁለት ኦክታቭ። ቀስ ብሎም ረገጠ፣ ጠንክሮም ረገጠ፣ ድምፁ አንድ ነው፤ መርገጫውም ለእግር ይከብዳል። ቢሆንም ያንን ማታ የሳቅነው እኛ አፈርን።

አሁን የመልእክተኛውን ክፋት ልንገራችሁ። መልእክተኛ መንገድ ላይ ከቀረ ጉድ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የታችኛዋን ዶ ረግጬ ሳለ ያው እግሬ ኬብሉን ነቀለው። «ተረገጠች» የሚለው ደርሷል፤ «ተለቀቀች» የሚለው አልደረሰም። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ተነሥተዋል። እኔ ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍ ፍለጋ ስደባብስ ምርቃቱ በበገና የታጀበ መሰለ፤ አንድ አባት በኋላ «ጄኔሬተሩን ከአዳራሹ ብታርቁት ጥሩ ነበር» አሉኝ። ታውረስ ቢሆን ኬብሉ ሲነቀል ድምፁም አብሮ ይሞት ነበር።

ሌላው ጣጣ መሰኪያው ነው። ሚዲ በ1983 ሲወጣ ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ ባለ አምስት እግር ክብ መሰኪያ፣ ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው መግቢያ፣ በቃ። አንድ ድምፅ ተረገጠ የሚለው መልእክት ያንን ኬብል ለማለፍ ከሺሕ የሴኮንድ ክፍል አንዷን ያህል ብቻ ነው የሚፈጅበት። ዛሬ ግን ብዙ አዳዲስ ፔዳሎችና ርካሽ ኪቦርዶች ክቡን ትተው በዩኤስቢ ብቻ ይመጣሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት ከኮምፒውተር ጋር ሊገናኙ ነው። ፔዳሉን በቀጥታ ኪቦርዱ ላይ ቢሰኩት አይነጋገሩም፤ ሁለቱም እንግዶች ናቸው፣ አስተናጋጅ የለም። ወይ ላፕቶፕ መሐል ይገባል፣ ወይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ሳጥን መግዛት ግድ ይላል። ላፕቶፕ ከገባ ደግሞ መዘግየት ይመጣል፤ የድምፅ ማቆያው 512 ሳምፕል ላይ ከተተወ ወደ 12 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል፤ ለዝግታ ዘፈን ምንም አይደል፣ ለችክችካ ግን እግር ከከበሮው ኋላ ይጎተታል። ኪቦርዱን ሳያገላብጥ፣ ከኋላው ክቡ መግቢያ መኖሩን ሳያይ ፔዳል የሚገዛ ሰው ገንዘብ የበዛበት ነው።

በ2010 የወጣው ታውረስ 3 የራሱ ድምፅም የሚዲ መሰኪያም አለውና ሁለቱን ወገን አስታርቋል። ገንዘቡ ላለው እሰየው። እኔ ግን ገንዘብ ቢኖረኝም መጀመሪያ የማፈስሰው ስፒከር ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ የታችኛዋ ሚ፣ 41 ኸርዝ ናት፤ ከእሷ በታች ያለችው ዶ ወደ 33 ትወርዳለች። በየምግብ ቤቱ ዘንግ ላይ የተሰቀሉት ስፒከሮች ብዙዎቹ 50 ሳይደርሱ ይደክማሉ። ታውረስም ይሁን የሁለት መቶ ዶላር ፔዳል፣ በእነሱ በኩል ሲወጣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ያለ ሰብዉፈር ታውረስ መግዛት ያለ ምጣድ ጤፍ ማስፈጨት ነው።

አገር ቤት ይዤው እገባለሁ ለሚል ደግሞ አንድ ቃል፦ እዚህ የተገዛ አሮጌ ሲንተሳይዘር የለመደው 120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ 220 ይጠብቀዋል። በዩኤስቢ የሚሠራ ፔዳል ይህ አያሳስበውም፤ ሻንጣም አያከብድም።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን አልበሙን በ1985 ሲቀዳ ብቻውን ነበር፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግና የከበሮ ማሽን። ስቱዲዮ ውስጥ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ይደረባልና ሁለት እጅ ስድስት ይሆናል። መድረክ ላይ ማታ ግን ያው ሁለት ነው። ፔዳሉን የገዛሁት ለዚህ ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ከርሜ፣ አንድ ወዳጄ ጋ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። ቤዝ ጊታሪስት ነው፤ ድሮ ባንድ አብረን ነበርን፤ አሁን ሥራው ሲሳሳ ሌላ እንጀራ ይዟል። የእሱን ቦታ በእግሬ እንደረገጥኩት አድርጌ ነበር የማስበው።

ባለፈው እሑድ ቤት መጣ። ፔዳሉን ቤዝመንት ውስጥ አየው። ካልሲውን ሳያወልቅ ቆሞ አንድ በአንድ ረገጠው፤ ምንም አላለም። ከዚያ ጊታሩን ከመኪናው አምጥቶ ሰካና ትዝታን በዝግታ ጀመረ። እኔ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ታችኛው ሚ ሲደርስ ቆም አለና በአገጩ ወደ እግሬ እያመለከተ፣ «እኔ ከዚህ በታች ክር የለኝም። ያቺን ዶ አንተ ያዝልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት። ፎቅ ላይ የሳህን መደርደሪያው ተንኳኳና ባለቤቴ ከደረጃው አፋፍ ተጣራች።