ቃለ መጠይቁ የሚጀመረው በቤተ ሙከራ ነው

ለምረቃ የተቃረቡ ተማሪዎቻችን አዘውትረው የሚጠይቁን ስለ ሲቪ አጻጻፍ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም ስለ ተጨመረባቸው ጭንቀታቸው ይገባናል። ሆኖም ሲቪ በአንድ ምሽት ይሰናዳል፤ ከረባትም ከጓደኛ ይዋሳሉ።

ይልቅስ የፔንዱለሙን ሙከራ እናስታውስ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ፣ «ጂ» የምንለው የስበት መጠን በዚህ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። ከተማሪዎቻችን የሚቀርቡልን ሪፖርቶች ግን በአብዛኛው 9.81 ይላሉ፤ ያውም ያለ አንዳች የስሕተት ግምት! የአንድ ሜትር ፔንዱለም ሃያ ውዝዋዜ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስቶፕዎች የያዘ እጅ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ውጤቱ በ0.1 ይዛባል። ስለዚህ «9.7፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.1» ብሎ የጻፈ ተማሪ በእርግጥ ለክቷል።

ቀጣሪው ስለ ፔንዱለም ላይጠይቅ ይችላል። «ይህን ሠራሁ ብለሃል፤ ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?» ማለቱ ግን አይቀርም። የገለበጠ ተማሪ እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ አማካይ ውጤቱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል አያድነውም።

በዚህ እኛ መምህራንም ከወቀሳ አናመልጥም፤ ለዚያ 9.81 ሙሉ ነጥብ ስንሰጥ የኖርነው እኛው ነንና።