ሞዴል ባቡር የሚገባው ማየት ሳይሆን ማሠራት ነው

ሞዴል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክብ ሐዲድ ላይ የሚሽከረከር የልጅ መጫወቻ ነው። አሜሪካዊው ቶኒ ኮስተር ቤቱ ውስጥ የሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። «ኒክል ፕሌት ሮድ» የተባለው የባቡር ኩባንያ ከኢንዲያናዋ ፍራንክፎርት እስከ ኢሊኖይዋ ቻርልስተን የነበረውን መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደነበረ አድርጎ መልሶ አቁሞታል።

ልኬቱ አንድ ለ87 ነው። በዚህ ልኬት አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 11 ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል፤ በዚያ ዘመን በየመስመሩ ይታይ የነበረው ባለ 40 ጫማ ዝግ ፉርጎ ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያም ሆኖ መስመሩን በሙሉ የሚችል ቤት የለም። ሠሪው የትኛውን ከተማ አስገብቶ የትኛውን እንደሚተው መወሰን አለበት። መስመሩ የሚያልፍበት የአሜሪካ ሚድዌስት ደግሞ ሜዳ ነው፤ የቦታ ጥበቱን የሚሸፍንለት ተራራ አያገኝም። ያለው የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ፣ ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራና የሁለት ኩባንያዎች ሐዲድ የሚቋረጥበት መስቀለኛ ነው።

ግንባታው የቱንም ያህል ቢያምር፣ የዚህ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ባቡሩን እንደ ዘመኑ ደንብ ማሠራት ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ መስመሮች ላይ ትእዛዝ የሚተላለፈው በወረቀት ነበር። የባቡሮቹን እንቅስቃሴ የሚመራው ዲስፓቸር በስልክ ወይም በቴሌግራፍ ይናገራል፤ የጣቢያው ሠራተኛ ስስ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ስህተት እንዳይኖር መልሶ ያነብለታል፣ ከዚያ ወረቀቱን በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ ሳይቆም ለሚያልፈው ባቡር ያቀብላል። አንድ ሐዲድ ብቻ ባለበት መስመር ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይላተም የሚጠብቀው ይህ ወረቀትና የጊዜ ሰሌዳው ነበር። ዛሬ ባለሞዴሎቹ ጓደኞቻቸውን ጠርተው ይህንኑ ሥራ ይከፋፈላሉ። ሰዓቱም እንዲፈጥን ይደረጋል፤ በአራት እጥፍ ሲሮጥ ሙሉው ቀን በስድስት ሰዓት ያልቃል። የጭነት ባቡር የያዘ ሰው የመንገደኛው እስኪያልፍ ድረስ ጥግ ይዞ ይጠብቃል፤ የባቡር ሠራተኛ ቀኑን እንዴት ያሳልፍ እንደነበር የሚገባውም ያኔ ነው።

እህሉን እንውሰድ። ያኔ እህል በአብዛኛው የሚጓዘው በተራው ዝግ ፉርጎ ነበር። እንዳይፈስ በሩ ከውስጥ በሳንቃ ይመታል፣ ከዚያ እህሉ ከሳንቃው በላይ ባለው ክፍተት ይሞላል። ጣሪያው የሚያፈስ ወይም ወለሉ የቆሸሸ ፉርጎ ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ ጎተራው ጋ የሚሠራው ተጫዋች ያገኘውን ፉርጎ አይገፋም፤ የእያንዳንዱ ፉርጎ ሁኔታ ከተጻፈበት ካርድ ላይ አንብቦ ንጹሑን ይመርጣል። የአንድ አገር ኢኮኖሚ በዚህ መጠን ከእጅ የሚገባበት ሌላ መንገድ ማግኘት ይከብዳል።

ሙዚየሞች እዚህ ላይ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የቺካጎው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2002 ከቺካጎ እስከ ሲያትል ያለውን ጉዞ የሚያሳይ ግዙፍ ሞዴል ከፍቷል፤ ሐዲዱ ከ400 ሜትር ይበልጣል። ዐይን ይማርካል። ተመልካቹ ግን በአብዛኛው ባቡሩ ሲያልፍ ያያል እንጂ አያሠራም። ለአንድ ጎብኚ አንድ ካርድ፣ አንድ ፉርጎና አንድ መድረሻ መስጠት ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ጉዳዩም ጊዜ አይሰጥም፤ በየቤቱ የተሠሩት ሞዴሎች ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ስለሚሠሩ ባለቤቱ ሲያርፍ ወይም ቤት ሲቀይር በአብዛኛው ይፈርሳሉ፤ የአሠራር እውቀቱም አብሮ ይበተናል።

በሚኒሶታ ለሚኖሩ አንባቢዎች ዕድሉ ቅርብ ነው። በሴንት ፖል ያለው የመንታ ከተሞች ሞዴል ባቡር ሙዚየም የአካባቢውን እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ፣ የ40ዎቹና የ50ዎቹ የባቡር ዘመን አንድ ለ48 በሆነ ልኬት ያሳያል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ባቡሩን ከሚያሠሩት ሰዎች አንዱን አስቁማችሁ ፉርጎዎቹ ምን እንደጫኑና ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁልን።