ያገለገለ ፒክአፕ ሲገዛ፦ ከስሙ ይልቅ የሞተሩ ጤንነት ሊመረመር ይገባል

በምዕራብ ሸዋ ዞን በባኮ ቲቤ ወረዳ የበቆሎ ምርት ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነጋዴ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የራስ ተሽከርካሪ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ ለማድረስ፣ በርበሬና በቆሎ ወደ አምቦ ወይም ወደ ነቀምቴ ለማውጣት ፒክአፕ ተመራጭ ነው። አዲሱ ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ በመሆኑ ግን ዓይን የሚያርፈው 15 እና 20 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባገለገለው ላይ ነው። የዓመታት ጥሪት የሚፈስበት ይህ ግዢ ቤተሰብን ሊያቋቁም ወይም ዕዳ ውስጥ ሊከት የሚችለው በአንድ ነገር ነው፤ በሞተሩ።

የአሮጌ ተሽከርካሪ ዋጋ የናረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። እነዚህ ሁኔታዎች ተደምረው አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንዲቆይ አድርገዋል። ስለዚህ የዛሬው ገዢ የሚረከበው የአንድ ባለቤት ሳይሆን የብዙ ባለቤቶችን አያያዝ ውጤት ነው።

በገበያው የሚሰማው የደላላ ቃል ብዙውን ጊዜ በስም ይጀምራል፤ "ሃይሉክስ ነው፣ ሞተሩ አይሞትም" ይባላል። ለዚህ ስም መሠረት አለው። በቀድሞዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ላይ የሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት የናፍጣ ሞተሮች እንደ ቅደም ተከተላቸው 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ናቸው። የነዳጅ ፓምፓቸው በአብዛኛው ሜካኒካል በመሆኑ በገጠር ከተማ ጋራዥ ሊጠገኑ ይችላሉ። ነገር ግን የሞዴል መልካም ስም የሚናገረው ሞተሩ ምን መሆን ይችል እንደነበር ነው፤ ዛሬ ምን እንደሆነ የሚናገረው የተያዘበት መንገድ ነው። የእነዚህ ሞተሮች የካምሻፍት ቺንጊያ በወቅቱ ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቮችን ከፒስተን ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ሻጩ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ በማስረጃ ካላሳየ፣ ገዢው የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመጣው ትውልድ ደግሞ 2.5 እና 3.0 ሊትር ሞተር ሲኖረው፣ ነዳጅ የሚረጨው በከፍተኛ ግፊትና በኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር ነው። ኃይሉና የነዳጅ ቁጠባው የተሻለ ነው። ሆኖም ውኃ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጄክተሮቹን በቶሎ ይጎዳል። ነዳጅ በጀሪካን በሚገዛበት አካባቢ ይህ ቀላል ስጋት አይደለም። ምርመራው ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ መለዋወጫውም ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣ ነው። ስለሆነም ምርጫው "የቱ ይሻላል?" ከማለት ይልቅ "ቢበላሽ ማን፣ የት ይሠራዋል?" ከሚል ጥያቄ ሊነሳ ይገባል።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ገዢው ከመድረሱ በፊት የሞቀ ሞተር የጠዋት አነሳሱን ይደብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅ ዳስሶ መቅዝቀዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል፤ የሞቀ ራዲያተር መክፈት ግን ለቃጠሎ ያጋልጣል። በውኃው ላይ የዘይት ቅባት መታየቱ፣ ሞተሩ ሲነሳም አረፋ ያለማቋረጥ መውጣቱ የቴስታታ ጋስኬት መቃጠልን ወይም የቴስታታውን መሰንጠቅ ያመለክታል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጠቁሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ወተት መስሎ መገኘቱ ግን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ጭሱም የራሱ ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ነጭ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅን ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውኃን ይጠቁማል። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሳ በኃይል እየተነፈሰ የሚወጣ ጭስ ካለ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም ሲሊንደሩ ማለቃቸው ያሰጋል።

ለአካባቢያችን የሚበጀው ዋናው ፈተና ግን መንገዱ ነው። ባኮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጌዶ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መኪናውን ባዶውን በከተማ አስፋልት ላይ ከማዞር ይልቅ፣ ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ጭነት አስይዞ ወደ ጌዶ መውጣት ብዙ ይነግራል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ መቀነሱና ጥቂት ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ አልፎ እየወጣ መሄዱ ግን ብልሽት ነው። በከፍታ ቦታ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን እንኳ ሞተር ለማቃጠል በቂ ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሊመለስ ስለሚችል እንደ ማስረጃ ሊወሰድ አይገባም። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተርም የሚያንጠባጥበውን ዘይት ሊሸፍን ይችላል። በጨረታ የተሸጡ የመሥሪያ ቤት መኪኖች የሰርቪስ መዝገብ ሊኖራቸው ቢችልም፣ ለረጅም ጊዜ ቆመው ከነበረ ጎማ ነክ ክፍሎቻቸው ይደርቃሉ፤ የነዳጅ ታንካቸውም ይዝጋል። ሞተር ወርዶ ተሠርቷል ከተባለም ማን፣ መቼና በምን መለዋወጫ እንደሠራው መጠየቅ ተገቢ ነው። በገለልተኛ ጋራዥ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ኃይል ማስለካት ከሁሉም የላቀ ማረጋገጫ ሲሆን፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ከተገኘ ሞተሩ ለመውረድ ተቃርቧል ማለት ነው።

ሰነዱም የምርመራው አካል ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰሉ፣ ስም ማዛወር ያስቸግራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሻጩ ጉድለቱን በማታለል ደብቆ ከሆነ፣ ኃላፊነቱን የሚያስቀር የውል ቃል አይጠብቀውም። ገዢው እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ግን በኋላ ሊከስበት አይችልም። በመሆኑም "ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ" የሚል ውል ከመፈረም በፊት፣ ሻጩ ስለ ሞተሩ በቃል የተናገረው ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅ ይገባል።

የገንዘቡም ስሌት በዚሁ መልክ ሊታይ ይገባል። ያለውን ሁሉ ለመግዣ ያዋለ ሰው መኪናው በመጀመሪያው ወር ቢቆምበት ማስነሻ ያጣል። ቺንጊያ፣ ዘይት፣ ፊልትሮና የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ወዲያው ለመቀየር የሚበቃ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ይህ ካልተቻለም ዋጋው ዝቅ ያለ መኪና መፈለግ አስተዋይነት ነው። በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአነስተኛ ክፍያ የቅድመ ግዢ ምርመራ አገልግሎት ቢጀምሩ፣ ለሠልጣኞቻቸው ልምምድ፣ ለገዢው ደግሞ ከደላላ ቃል የተሻለ መተማመኛ ይሆናል። እስከዚያው የአንድ ቀን ምርመራ ወጪ፣ ከአንድ የምርት ዘመን ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።