ግንባር ላይ ያልተለጠፈ ብር

በአገራችን ጦማሪ የሆነ ሰው ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ «ምንድነው የምትሠራው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው የዚህን መልስ ከሰሙ በኋላ ይመጣል፤ «እሺ፣ ምን ታገኝበታለህ?»። የመጀመሪያውን እንደምንም ያስረዳል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ይንተባተባል። ፈገግ ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እሱማ ያው... በቀጥታ ሳይሆን በተዘዋዋሪ...» ይልና ወሬ ያስቀይራል።

የዛሬው ሙግቴ «በተዘዋዋሪ» ከምትባለው ከዚህች ቃል ጋር ነው። በዚህች ቃል ጥላ ሥር ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ተጠልለዋል። አንዱ በላቡ የሚያድር ነው። ሌላው የእናንተን አመኔታ ገበያ አውጥቶ የሚቸበችብ ነው። ሁለቱም ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «በተዘዋዋሪ»። እኛም ሁለቱንም «ጎበዝ ልጅ» ብለን እናልፋለን። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀጥተኛው ገቢ እናውራ፤ ቶሎ ያልቃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የተተረተው ለአማርኛ ጦማሪ ይመስላል። ጉግል አድሴንስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አሠራሩ ሲያወሩት ያምራል። አንተ ትጽፋለህ፣ እነሱ ከጽሑፍህ ጎን ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ ከማስታወቂያው ሳንቲም ይጠራቀምልሃል። ችግሩ ግን ለብዙ ዓመታት አማርኛ አገልግሎቱ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቋንቋውን በዘዴ ያለፈ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲሞላ የምስጢር ቁጥር በፖስታ ይላካል፤ የቤት ቁጥር ከመታወቂያ ላይ እንጂ ከበር ላይ በማይገኝበት ከተማ ማለት ነው። ክፍያው የሚለቀቀው ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። በሳንቲም 100 ዶላር መሙላት በጭልፋ ጣናን እንደ መቅዳት ነው።

ይህም የሚሆነው ጽሑፉ ከተነበበ ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ከአገር ውስጥ አልከፈት አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በርካታ ጦማሮችና ድረ ገጾች ለውጭ አገር አንባቢ ክፍት፣ ለአገር ቤቱ ዝግ ሆነው ኖሩ። 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ የተባለው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። አሁን ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ሄዷል። ቴሌግራምም ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን አካፍላለሁ ብሏል፤ ክፍያው ግን ቶንኮይን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ ነው። ቶንኮይን ይዞ ጉሊት ለሄደ ሰው አንድ መደብ ሽንኩርት የሚያነሣለት የለም። ገንዘቡን ወደ ብር መቀየር ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው።

እንግዲህ ቀጥተኛው መንገድ እንዲህ ከሆነ፣ ጦማሪው ወደ ተዘዋዋሪው ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። እንዲያውም ንጹሑ ተዘዋዋሪ ገቢ ከደመወዝ ይበልጥ የሚያስከብር ነው ባይ ነኝ።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ አስቡ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ ሱቅ ያለው ሰው በሚገባው አማርኛ ይጽፋል። አንድም ሰው አይከፍለውም። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይጽፋል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የዕቃ መሸጫ ባለቤት ይደውልና «የምትጽፈውን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ የኔን መዝገብ ትይዝልኛለህ?» ይለዋል። የሰበር ችሎት ውሳኔዎችን በቀላል ቋንቋ የሚያብራራ ጠበቃም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ ደንበኛ ያመጣለታል። ስለ እርሻ የሚጽፈውን ባለሙያ ለሥልጠና ይጠሩታል። ጥሩ አማርኛ የምትጽፈዋን ትርጉም ሥሪልን ይሏታል። ዳንኤል ክብረት በጦማሩ ላይ ያወጣቸው የነበሩ ወጎች ኋላ ተሰብስበው መጻሕፍት ሆነው ተሸጠዋል። መጀመሪያ በነጻ ያነበበው ሰው ነው ኋላ በገንዘቡ የገዛው።

የዚህ ዓይነቱ ገቢ ምስጢር አንድ ነው። ጦማሩ የሚያስገኘው ስምን ነው፤ ስሙ ደግሞ ሥራ ያስገኛል። ሥራውን ሠርቶ ነው የሚከፈለው። የሚከፍለውም ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ የሒሳብ ሥራ ይገዛል፣ ምክር ይገዛል፣ መጽሐፍ ይገዛል። አንባቢው ከዚህ መሐል አንዲት ስሙኒ አልተጭበረበረም። ይህን የሚያደርግ ሰው «ምን ታገኝበታለህ?» ሲባል መንተባተብ የለበትም። ደረቱን ነፍቶ «ሥራ አገኝበታለሁ» ይበል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰውዬ እንሂድ።

ይኸኛው ሥራ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ራሱን ስሙን ነው። ዓርብ ዕለት ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ጋብዞት ይሄዳል። አልጋ በነጻ፣ ምግብ በነጻ፣ ሲመለስ ደግሞ ለ«ትራንስፖርት» ተብሎ በፖስታ የታሸገ ነገር አለ። ሰኞ ጠዋት «በአገራችን እንዲህ ዓይነት መስተንግዶ አለ ብዬ አላምንም ነበር» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። ማን እንደጋበዘው አልተጻፈም። ፖስታውም አልተጠቀሰም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ «ሰሞኑን እግሬ ጥሎኝ ወደ አንድ የአፓርትመንት ግንባታ ጎራ ብዬ ነበር» ይለናል። እግሩ ሁልጊዜ የሚጥለው ገንዘብ ያለበት ቦታ ነው! አንድ ቀን እንኳ እግሩ ጥሎት መንገዱ የፈረሰበት ሰፈር ሲገባ አላየንም።

ሙገሳው እንኳ ይሻላል፤ ሙገሳ ቢያንስ ይታያል፣ ነቃ ያለ አንባቢ «ይኼ ነገር ቅቤው በዝቷል» ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። የሚብሰው ዝምታው ነው። ትናንት ሲተቸው የነበረውን ባንክ ዛሬ አያነሣውም። ለምን? ባንኩ ለሚያዘጋጀው ዝግጅት መድረክ መሪ አድርጎ ቀጥሮታል። ስለ አንድ መሥሪያ ቤት የጀመረው ተከታታይ ጽሑፍ ክፍል ሁለት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ክፍል ሦስት የት ገባ? ክፍል ሦስትማ «የማማከር ውል» ሆኗል። ያልተጻፈን ጽሑፍ ማን ሊጠረጥረው ይችላል? ስለዚህ ከተዘዋዋሪ ገቢ ሁሉ ዱካ የማይተወው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አዝማሪውን ልጥራ፤ ምስክር ይሆነኛል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አዝማሪው ያወድሳል፣ የተወደሰው ይሸልማል። ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ያያል፤ ማን እንደሰጠ፣ ስንት እንደሰጠ፣ ከዚያም በኋላ ግጥሙ እንዴት እንደጣፈጠ። አዝማሪው አንዱን ቦርጫም «አንተ አንበሳ» ቢለው አንበሳ መጣ ብሎ የሚሸሽ የለም። ውሉ ግልጽ ነው። ሁላችንም የተከፈለበት ውዳሴ እየሰማን እንደሆነ እናውቃለን፤ እያወቅንም እንስቃለን፣ እናጨበጭባለን።

የኛ ጦማሪ ግን ብሩን ከግንባሩ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ማሲንቆውንም ደበቀው። ከዚያም መነጽር አድርጎ «እንደ አንድ ገለልተኛ ታዛቢ» ብሎ ጀመረ። አዝማሪን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ማኅበረሰብ ይህን ሰው «ተጽዕኖ ፈጣሪ» ብሎ ይሸልመዋል። እኔ ግን ከሁለቱ ማን ይበልጥ ሐቀኛ ነው ብትሉኝ ባለማሲንቆውን እመርጣለሁ።

«ምን አስቆጣህ? ማን ተጎዳ?» የሚል አይጠፋም። ልንገራችሁ። ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት አስቡ። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ጋደም ብላ፣ በስልኳ የምታነበው የዚህን ሰው ጽሑፍ ነው። በአማርኛ የሚጽፍላት፣ የሚያስቃት፣ የአገሯን ወሬ የሚነግራት እሱ ነው። ታምነዋለች። እሱ ደግሞ ስለ አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት «በዓይኔ አይቼ ያረጋገጥኩት» ብሎ ጻፈ። እሷ የስንት ዓመት ላቧን ቅድሚያ ክፍያ አድርጋ ላከች። ቤቱ ቢሠራ ደግ። ባይሠራስ? እሱ ጽሑፉን ያጠፋዋል። እሷ የተቃጠለውን ዕድሜዋን ማን ይመልስላታል? ከስሩ «ይህ ጽሑፍ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ትጠይቅ ነበር።

«ጋዜጠኛውም አበል ይቀበል የለም ወይ?» የሚል ደግሞ አለ። አዎ፣ የሚቀበል አለ። የጎረቤት ቤት ስለሚያፈስ ያንተን ጣሪያ አትበሳም። ጦማር ሲጀመር እኮ ከዚያ በሽታ እናመልጣለን ተብሎ ነበር! አለቃ የለም፣ ሳንሱር የለም፣ የማስታወቂያ ክፍል የለም ተባለ። ዛሬ ጦማሪው ራሱ ጸሐፊም፣ አዘጋጅም፣ የማስታወቂያ ክፍልም ሆኖ ተገኘ። በጋዜጣ ቤት ቢያንስ በሁለቱ መሐል ግድግዳ ነበር።

ደግሞም ይህ ሰው የሚሸጠው አመኔታ የሱ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 አባላት የሆኑ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሽብርም ተከሰሱ። ከዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ የገሚሶቹ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩት ከእስር የወጡት በጥቅምት 2008 ነው። ለነሱ ጡመራ ያስገኘላቸው ነገር ይህ ነበር። በሐሳባቸው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። «ጦማሪ» የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ ክብደት ያገኘው ግን ዋጋ በከፈሉ ሰዎች ነው። ሌሎች በእስር የገዙትን ስም አንተ በሁለት ሌሊት የሆቴል አልጋ ስትለውጠው፣ ወዳጄ፣ የራስህን ብቻ አይደለም የሸጥከው።

የመጨረሻው ተከራካሪ «ታዲያ ምን ልብላ?» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ መልስ የምፈልገው ግን ከጦማሪው አይደለም፤ ከእናንተ ነው።

አዎ፣ ከእናንተ ከአንባቢዎች። አሥር ዓመት በነጻ ታነባላችሁ። ጽሑፉ ሲዘገይ «ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ ትቆጣላችሁ፤ ደመወዝ የምትከፍሉት ይመስል። ይኸው ሰው እንደምንም ማተሚያ ቤት ተበድሮ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ በሳምንቱ መጽሐፉ ገጽ በገጽ በስልክ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ይሆንና በቴሌግራም ይበተናል። የሚበትነው ጠላቱ አይደለም፤ አድናቂው ነው! «ሰው ያንብብ ብዬ ነው» ይላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነው ቁጠሩት። የደራሲውን ንጹሕ ተዘዋዋሪ ገቢ በገዛ እጃችሁ ትዘጉትና፣ ቆሻሻው በር ሲገባ ስታዩ «ተሸጠ» ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ።

ድሮ «መክፈያ መንገድ የለም» ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ ይህ ምክንያት አይሠራም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም እንደሚለው ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሊስትሮው በቴሌብር ይቀበላል። ጀበና ቡና የምታፈላዋ በቴሌብር ትቀበላለች። አንድ ማኪያቶ ዋጋ በወር አንዴ ለምታነቡት ሰው መላክ ምን ያቅታል? ሺህ አንባቢ እንዲህ ቢያደርግ ያ ሰው ሐይቅ ዳር ሄዶ ለማንም አያጎነብስም። ለጽሑፉ የሚከፍለው የጽሑፉ ጌታ ነው። እናንተ ካልከፈላችሁ ጌትነቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ እናንተን ሊያስደስት አይከፍልም።

ለጦማሪውም የምለው አጭር ነው። የተከፈለህ ከሆነ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ «ተከፍሎኛል» ብለህ ጻፍ፤ ከሥር በጥቃቅን ፊደል አይደለም። የተጋበዝክ ከሆነ ማን እንደጋበዘህ ተናገር። ሥራ ከሰጠህ ድርጅት ጋር ውል ካለህ፣ ስለዚያ ድርጅት ስትጽፍም ስትተውም ውሉ እንዳለ አንባቢህ ይወቅ። ማስታወቂያ መሥራት ነውር አይደለም። ብዙ ሰው ልጆቹን የሚያሳድገው በማስታወቂያ ነው። ነውሩ ማስታወቂያውን ምስክርነት ማስመሰል ነው።

ይህን ካደረግህ የሚቀርብህ ጋባዥ ይኖራል። ብሩ ግንባርህ ላይ እንዲለጠፍ የማይፈልግ ሰው መጀመሪያም የፈለገው ጽሑፍህን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው ይቅርብህ። ከዚህ በኋላ «ምን ታገኝበታለህ?» ያለህን ሁሉ ዓይኑን እያየህ ትመልስለታለህ፤ ወሬ ማስቀየር ሳያስፈልግህ።