የባሕር በር እንሻለን፤ ባሕሩ ዳር የሚያድረውንስ ማን አየው?

በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ዳርቻ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ማዕበል ከሚሰማበት አሸዋ አጠገብ ዶክዋይለር የሚባል የመኪና ማደሪያ አለ። የግለሰብ ሀብት አይደለም፤ የሚያስተዳድረው የአካባቢው መንግሥት ነው። መኝታና ማድቤት ያለውን፣ ፈረንጆቹ አር ቪ የሚሉትን መኪናውን እየነዳ የመጣ መንገደኛ ሒሳቡን ከፍሎ ቦታውን ይይዛል፤ መኪናውን ከመብራትና ከውኃ መስመር ጋር ያገናኛል፤ ቆሻሻውን በተዘጋጀለት ሥፍራ ይደፋል፤ ገላውን ታጥቦ ባሕሩን እያየ ያድራል። ይህን ስል አሜሪካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። በዚያው ከተማ ቤት አጥተው በየጎዳናው በመኪና ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በሺህ ይቆጠራሉ። ነገር ግን በመኪናው የሚያድር ሰው ውኃ፣ መጸዳጃና ጥበቃ እንደሚያስፈልገው መንግሥት አምኖ ቦታ ከልሏል።

አንባቢ ሆይ፣ «አንተ ግምጃ ቤት ተቀምጠህ የሎስ አንጀለስ መኪና ማደሪያ ምን አገባህ?» ትለኝ ይሆናል። ያገባኛል። እኛም ከታላቅ የባሕር ጠረፍ ከተማ ደጃፍ በመኪና ውስጥ የሚያድሩ ወገኖች አሉንና። ልዩነቱ እነዚህ ለሽርሽር የሄዱ አለመሆናቸው ነው። ከተማይቱ ጅቡቲ ናት፤ ሥፍራው ፒኬ 12 ይባላል፤ ከከተማዋ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኝ የከባድ መኪኖች መቆሚያ ነው። አዳሪዎቹም የኢትዮጵያ ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው ናቸው።

ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ከእነርሱ ጋር ነው። ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ቤተሰቦቹ በመጣ ጊዜ ስለ ባሕሩ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን እግሬን አልነከርኩም» አለኝ። ከዚያ ያየውን ነገረኝ፤ ጭነት ወይም ሰነድ ሲዘገይ ቀናት በወረፋ እንደሚያልፉ፤ ጋቢናው እንደ ምጣድ ስለሚግል ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው እንደሚተኙ፤ ውኃ በጀሪካን እንደሚገዙ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ነዳጁንና ጎማውን እንደሚጠብቅ። ግምጃ ቤት ላይ በሐምሌ ዝናብና ብርድ ጋቢ ለብሰን እሳት ስንሞቅ፣ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያ ልጅ በዚያ ሙቀት ከጎማ ሥር ይተኛል።

እኛስ ከእርሱ ምን ዕዳ አለብን? ሩቅ አንሂድ። የአንከሻ ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ፣ ጅቡቲ ላይ ተራግፎ፣ በጋላፊና በሚሌ በኩል በሹፌሮች ጀርባ የገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት የአማራን ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ አምጥቶ ባስጮኸ ጊዜ፣ የአንድ ኩንታል መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል። ከአገሪቱ የውጭ ንግድ እጅግ የሚበዛው በዚያው ወደብ ያልፋል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ቢሠራም፣ አብዛኛውን ጭነት ዛሬም የሚሸከመው መኪናው ነው። የከተማችን ስም «የመንግሥት ሀብት ማኖሪያ» ማለት ነው፤ የአገሪቱን ግምጃ ቤት የሚሞላው ሰው ግን ራሱን የሚያሳርፍበት ጣሪያ የለውም።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው የቀይ ባሕር ጉዳይ ለኢትዮጵያ የህልውና ጉዳይ መሆኑን ነገሩን። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ከሶማሊያ ጋር ተቃቃርን፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አንካራ ላይ ዕርቅ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የባሕር በር መፈክር ከየመድረኩና ከየስብሰባ አዳራሹ ጠፍቶ አያውቅም።

ይህ ጸሐፊ የባሕር በር ጥያቄን አይንቅም። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ አሰብን ስንጠቀም ኖረን፣ በአንድ ሰሞን እንዴት ከአንድ ወደብ ጥገኝነት ላይ እንደወደቅን እናስታውሳለን። እኔን የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ለወደብ አገልግሎት በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምንከፍል ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ደጋግመው ነግረውናል። ይህን ሁሉ የምትከፍል አገር፣ የወደቡ ዋና ደንበኛ ሆና ሳለ፣ ለዜጎቿ አንድ የታጠረ ግቢ፣ አንድ ጥላ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ መደራደር እንዴት ያቅታታል? ነገ ወደብ ቢሰጠንስ፣ በዚያ ወደብ ደጃፍ ሹፌራችን የት ያድራል? መልሱን እናውቀዋለን፤ ከተሳቢው ሥር።

«ጅቡቲ የሌላ መንግሥት ምድር ናት፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። መልካም፤ የራሳችንን ምድር እንይ። ሹፌሩ ከጋላፊ ወዲህም፣ ከሚሌና ከሰመራ ወዲህም በጋቢናው ነው የሚያድረው። በየመንገዱ የታገተና የተገደለ ሹፌር ዜና ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ኬላው ገመድ ዘርግቶ ሊያስቆመው ይችልበታል፤ ሲመሽበት ግን «ግባና እደር፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» የሚለው የለም። ለመፈተሽና ለማስከፈል ያልራቀ መንግሥት ለማሳደር ይርቃል?

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ እንደ ቅንጦት አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄሰን ሪቨንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሹፌር ጭነቱን ለማስረከብ ቀድሞ ደረሰና የሚቆምበት ቢያጣ በተዘጋ ነዳጅ ማደያ አደረ፤ በኪሱ ለነበረው 7 ዶላር ተገደለ። ባለቤቱ ዝም አላለችም፤ በ2012 የከባድ መኪና ማቆሚያ ችግርን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ በስሙ «የጄሰን ሕግ» ተባለ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ሹፌር ቢያንስ 45 ሰዓት የሆነውን መደበኛ ሳምንታዊ ዕረፍቱን በጋቢና እንዲያሳልፍ በግልጽ ተከልክሏል፤ የማደሪያው ወጪም የአሠሪው ነው። እኛ ዘንድ የአንድ ሹፌር ሞት ሕግ ሊወልድ ቀርቶ ከአንድ ቀን ዜና አያልፍም።

ፒኬ 12 ፈጽሞ ተረስቶ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ ርዳታ ለሹፌሮች ማዕከል ተከፍቶበት ነበር፤ ምክንያቱ ኤች አይ ቪ ነው። ሥራው መልካም ነበር፤ ሰዎችንም ጠቅሟል። ነገር ግን ቁም ነገሩን ልብ በሉ፤ ሹፌሩ የታየው ደክሞት ስለተኛ ሳይሆን በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ያየውም የራሱ መንግሥት ሳይሆን ባዕድ ነው።

የምጠይቀው ሪዞርት አይደለም። መንግሥታችን ሪዞርት መሥራት ሲፈልግ እንደሚችል በ2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ገበታ ለሀገር፣ በጎርጎራና በወንጪ አሳይቶናል። የምጠይቀው ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ባለው መስመር አጥር፣ ጥላ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መታጠቢያ፣ አልጋ፣ አንድ ነርስና አንድ ዘበኛ ያለባቸው ጥቂት ግቢዎች ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ላይ የምትነሳ ትንሽ ክፍያ ታሠራቸዋለች፤ ጅቡቲ ላይ ደግሞ የወደብ ስምምነት በተፈረመ ቁጥር አንድ አንቀጽ ስለ ሹፌሩ ይጻፍ።

በልጅነቴ የመሸበት መንገደኛ ከአጥራችን ውጭ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል፣ እናቴ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ትለው ነበር። ውኃ ቀርቦለት እግሩን ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ መደቡም ይለቀቅለታል። ያ ቤት የሣር ክዳን ነበረው፤ ባለቤቱም ደሃ ነበር። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጥር መንግሥት ደጃፍ ላይ ሹፌሩ «ቤት ለእንግዳ» እያለ ቆሟል። እንግዳ እንኳ አይደለም፤ የቤቱ ልጅ ነው። የባሕር በር ከመፈለጋችን በፊት ይህን በር እንክፈት።

ቸር ይግጠመን።