‹‹የሚፈነጥዘው›› ሁልጊዜ ሌላው ነው

እስቲ ራሳችሁን ፈትሹ። ‹‹ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ስፈነጥዝ አመሸሁ›› ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የወልዲያ ልጆች ብለን አናውቅም። እኛ ‹‹እንጫወታለን››፣ ‹‹እንዝናናለን››፣ ቢበዛ ‹‹ትንሽ ሞቅ ይለናል››። አንድ ብርሌ ጠጅ በእኛ እጅ ጨዋታ፣ በሌላው እጅ ፈንጠዝያ ነው።

ቃሏም ስትወለድ እንዲሁ ናት። ዘመዷ የጣልያኖቹ ‹‹ፋንታዚያ›› ነው፤ ሥሩ ግሪክ፣ ትርጉሙ ምናብ። ጣልያኖች ኤርትራን ሲገዙ የአገሬውን ከበሮና ጭፈራ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። አውሮፓውያን የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞችን የባሩድ ትርዒትም ፋንታዚያ ብለውታል። ስሙን ያወጣው ጨፋሪው ሳይሆን ዳር ቆሞ የሚያየው ነው። አማርኛችን ደግሞ ግስ አበጀላት፤ ፈነጠዘ፣ ይፈነጥዛል፣ አስፈነጠዘ። ስካርና ወቀሳም ጨመረባት።

ታዲያ ምን አለበት? ያለበትማ ይሄ ነው። ከወልዲያ እስከ መርሳ፣ በሐብሩ ገጠርም፣ በድቤና በመንዙማ ሌሊቱን የሚያነጋ አለ። በቀሪቦ የሚጨፍር ሠርገኛ አለ። ታቦት አጅቦ የሚዘፍን ጎረምሳ አለ። ዳር ሆኖ ለሚያይ ሁሉም አንድ ጩኸት ነው።

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ ነበር። ወልዲያ ላይ ታቦት አጅበው መንግሥትን የሚቃወም ዘፈን ያሰሙ በነበሩ ወጣቶች ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ 7 ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዮቹ ቀናት በቆቦና በመርሳም ሰው ሞተ። ያ ጭፈራ አቤቱታ ነበር። ጭፈራን ሁሉ ፈንጠዝያ የሚል ጆሮ ደግሞ አቤቱታ አይሰማም።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ተከፈተ በተባለ ቁጥር ‹‹እኛ እንሞታለን፣ እነሱ ይፈነጥዛሉ›› እያልን ተራግመናል። እናቱ ወልዲያ የቀረችበት፣ ድምጿን መስማት ያልቻለ፣ ጭንቀቱን በብርጭቆ የሚሸፍን የእኛው ልጅ እዚያ መሐል ሊኖር እንደሚችል አላሰብንም።

ስለዚህ የሰከረውን ‹‹ሰከረ››፣ ግድ የሌለውን ‹‹ግድ የለውም››፣ የተደሰተውን ‹‹ተደሰተ›› እንበለው። ‹‹ፈነጠዙ›› ከማለታችን በፊት ግን ጠጋ ብለን ምን እንደሚዘፍኑ እንስማ።