ማሽን ሳይሰበር ይናገራል

በዚህ ዓምድ ስለ ልዩ ልዩ ሥራዎች እናነባለን። የዛሬው ንባባችን ስለ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ ነው።

በአዲስ አበባ ሰሜን ጉለሌ የሚባል አካባቢ አለ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሄደ ሰው የጳውሎስን ሆስፒታል ያውቃል። ሆስፒታሉ የሚገኘው በጉለሌ ነው። በአቅራቢያው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አለ። የተከፈተው በ1946 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዛሬ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኗል። ጉለሌ ሳሙና ፋብሪካ የተቋቋመውም በዚሁ በጉለሌ ነው።

ሳሙና እንዴት ይሠራል? ስብ ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተደባልቆ ይፈላል። በብዙ ፋብሪካ የሚያፈላው እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ የሚመጣው ቦይለር ከሚባል ትልቅ የብረት ጋን ነው።

አፉ የተደፈነ እንስራ እሳት ላይ ቢጣድ ምን ይሆናል? እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ እንስራውን ይሰነጥቀዋል። ቦይለርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው። የውሃውን ልክ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦም አለው። ውሃው ከልኩ ካነሰ ብረቱ ይግላል፤ ይለሰልሳል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

የጥገና መሐንዲስ የሚፈለገው ማሽን ሲሰበር ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ጎበዝ ገበሬ በሬው እስኪወድቅ ይጠብቃል እንዴ? አይጠብቅም። ጠዋት ጠዋት ያየዋል። ካነከሰ ወይም መኖ ከተወ ቶሎ ያውቃል። መሐንዲሱም ማሽኑን እንዲሁ ያየዋል፤ ያዳምጠዋል። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ቀለበት ነው። ግራሶ ሲያጣ ይጮኻል። ቺንጋ ሲላላ ይንሸራተታል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ቡሎን ሲላላ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ማሽን ሳይሰበር ይናገራል የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሰሙትን ችላ ማለት ምን ያመጣል? በ1865 በፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ አገር ሱልጣና የተባለች የእንፋሎት መርከብ ነበረች። አንዱ ቦይለሯ አፈሰሰ። በደንብ ይጠገን ቢባል ብዙ ቀን ይወስዳል። መርከቧ እንዳትዘገይ ተብሎ ቁራጭ ብረት ተለጠፈበት። ከልኳ በላይ ሰው ጭና ሄደች። በጥቂት ቀን ውስጥ ቦይለሮቿ ሌሊት ፈነዱ። ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ያ የጥድፊያ ጥገና ነው።

መሐንዲሱ ያየውን በቃሉ አይተወውም፤ በመዝገብ ይጽፈዋል። ቀኑን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ የታየውን ችግር፣ የተደረገውን ጥገና ይጽፋል። ሌሊት የሚገባው ተረኛ ሌላ ሰው ነው። እሱ መዝገቡን አንብቦ ሥራውን ይቀጥላል።

ማሽን ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ደግሞ ኤሌክትሪኩን ያጠፋል። ማብሪያውን ይቆልፋል። ቁልፉን በኪሱ ይይዛል። ከዚያ እንዲህ የሚል ካርድ ያንጠለጥላል፦

«አትንካ! ሰው እየሠራ ነው።»

አራት ቃል ብቻ ናት። መቆለፊያ በሌለበት ቦታ ግን የሰውዬውን ሕይወት የምትጠብቀው እሷ ናት። ማንበብ የማይችል ሰው መጥቶ ማብሪያውን ቢጫንስ? ውስጥ ያለው ሰው እጁን ያጣል፤ ይሞትም ይሆናል። ፊደል የሰው ነፍስ ያድናል የምንለው እንዲሁ ለአፍ አይደለም።

ይህ የከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወፍጮ ቤት ሞተር አለ፤ ቺንጋ አለ። የሚዞር ቺንጋ ነጠላና ጋቢ ይጎትታል፤ ከነሰውዬው ይጎትታል። ስለዚህ ቺንጋው መከለያ ይኑረው። እናቶች ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ያደግድጉ፤ ልጆችም አይጠጉ። ሞተሩ ሳይቆም ማንም እጁን አያስገባ። ባለ ወፍጮውም ደብተር ይያዝ። እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

መጋቢት 3፦ የሞተሩ ዘይት ተለወጠ።
መጋቢት 10፦ ቺንጋው ላልቶ ተገኘ። ሞተሩ ቆሞ ተወጠረ።

ይህን መጻፍ ለእናንተ አያቅታችሁም። ወፍጮው በክረምት ቢሰበር እህል ተሸክሞ ጭቃ የሚያቋርጠው ማን ነው? እኛው ነን።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጣ ምን ምልክት ያሳያል?
2. የቦይለር ውሃ ከልኩ ሲያንስ ምን ይሆናል?
3. በሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት የሚሰቀል ማስጠንቀቂያ በገዛ እጃችሁ ጻፉ። ለባለ ወፍጮውም አንብቡለት።